ደብሪቱ ትሸነፋለች

በብሎክ አርባ ሁለት የሁሉም ዓይን ያረፈበት ቤት ግራውንድ ላይ ያለው ባለ ሁለት መኝታ ነው። ባለቤቱ አቶ ባሮክ የዓለም ጥሎ ማለፍ ቼዝ አሸናፊዎችን ዕድሜ ልካቸውን ሳይስቱ ሲገምቱ ኖረው፣ ባለፈው ሐምሌ የራሳቸውን ሞት ሳይገምቱ አረፉ። ለቅሶ ከደረሰው የብሎኩ ሰው ግማሹ እያነባ የሳሎኑን ስፋት በዓይኑ ለካ። ይህን ማንም አልነቀፈም፤ አቶ ባሮክም ከእሳቸው በፊት የነበሩትን ሰውዬ የቀበሩት እንደዚሁ እየለኩ ነበር።

ብሎኩ አርባ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ከሞተ ቆይቷል፤ አሁን የእድሩን ድንኳንና ወንበር ያስቀምጡበታል። ስለዚህ በትክክል የገመተ ዜጋ ወደ ታች ይወርዳል፣ የተሳሳተ ወደ ላይ ይወጣል። ድሮ ሰው ሁሉ ከፍ ከፍ ማለት ይመኝ ነበር ይባላል። ልጆች ይህን በታሪክ ትምህርት ሲማሩ ይስቃሉ።

የግምት ባለሥልጣን ይህን ሥርዓት ያመጣው ለክፋት አይደለም። የነገውን የሚያውቅ ሰው ለዛሬ ጥሩ ዜጋ ይሆናል ብሎ ነው። መጀመሪያ በኳስ ተሞክሮ ነበር፤ ሕዝቡ ኳስ የሚገምተው በጭንቅላቱ ሳይሆን በማሊያው ስለሆነ አገሩ በሙሉ አርባኛ ፎቅ ሊገባ ሲል ተተወ። ከዚያ ቼዝ ተመረጠ። ቼዝ ቀዝቃዛ ነው፣ ማሊያ የለውም። ጥሎ ማለፍ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይመቻል፤ አንዱ ያልፋል፣ አንዱ ሻንጣውን ያነሣል፣ አለቀ።

ሰው ተደብቆ እንዳይገምት ግምት በአፍ፣ በግቢው መሐል፣ በጎረቤት ፊት እንዲሆን ተደነገገ። ግቢው መሐል ላይ የቆመው ግራጫ ዕቃ «ጆሮ» ይባላል። ግምቱን ከማሽን ጠይቆ የመጣውን ሰው ከድምፁ ይለየዋል። በይሉኝታ የሚገምተውን ግን እስከዛሬ አልለየም፤ ባለሥልጣኑም ይህን ቀድሞ ሳያስብ ቀርቷል። ሦስተኛ ፎቅ የነበረ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ ከፊቱ የተሰለፉት አማቱ «ፈረንሳዊው ያሸንፋል» ስላሉ እሱም ፈረንሳዊው ያሸንፋል ብሎ፣ አሁን ሃያ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ጥርስ ይነቅላል። ታካሚው ደረጃውን ወጥቶ እስኪደርስ ጥርሱን ይረሳዋል ይባላል።

ኪሩቤልም ሠላሳ አንደኛ ፎቅ የደረሰው እንዲሁ ነው። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ቼዝ ያውቃል፣ ጥሩም ይገምታል። አንድ ጊዜ ግን የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ አቤኔዘር ሰልፍ ላይ ትከሻውን መታ አድርገው «ያ ቬትናማዊ ልጅ ጎበዝ ነው፣ አይደል?» አሉት። «እንዴታ!» አለ። ከዚያ ጆሮ ፊት ሲቆም «እንዴታ»ውን መመለስ አፈረ። ቬትናማዊው በመጀመሪያው ቀን ተሸንፎ አገሩ ገባ፣ ኪሩቤልና ባለቤቱ ፌቨን ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ገቡ።

ፌቨን ያኔ ጉልበቷ ደህና ነበር። ከዚያ ዐበጠ፣ ከዚያ አልታጠፍ አለ። አንድ ጊዜ ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው ለሕክምና አውርደዋት ነበር፤ መልሰው ሲያወጧት አንደኛው ወገቡን ተይዞ ተኛ። ከዚያ ወዲህ አውርዱኝ ብላ አታውቅም፣ ይሉኝታ አላት። ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ ሆና ግቢውን ታያለች። ከዚያ ከፍታ ሰው ሁሉ አናት ብቻ ነው፤ የጎረቤቶቿን መላጣ ከፊታቸው ይልቅ ታውቃለች።

«አንድ ቀን» ትላለች፣ «ውሻ ፊት ለፊቴ ቆሞ ቢጮህብኝ። እዚህ ሆኜ የምሰማው ሁሉ ለሌላ ሰው የሚጮኸውን ነው።»

ኪሩቤል ይህን ደጋግሞ ስለሰማ የአቶ ባሮክን ቤት ከምንም ነገር በላይ ፈለገ። ለራሱ አልነበረም፤ ለራሱማ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ጥሩ አየር አለው።

ባለሥልጣኑ ቤቱ በአንድ ግጥሚያ እንዲወሰን አስታወቀ። ግጥሚያውን የመረጠው ሰው ቀልደኛ ወይም ጨካኝ መሆን አለበት። በታሽከንት በሚካሄደው የዓለም ጥሎ ማለፍ ሩብ ፍጻሜ የካዛክስታኑ ቲሙር ኦስፓኖቭ ከብሎክ አርባ ሁለቷ ደብሪቱ ጋር ይጫወታል። የገዛ ሰውን ሽንፈት በቀዝቃዛ ልብ መገመት የቻለ ነዋሪ ግራውንድ ይገባዋል ነው ነገሩ። አሸናፊነቷንም መገመት ይቻላል፤ ግን ቲሙር በዚያ ዓመት አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም ነበር።

ደብሪቱ የአያቶች ስም ፋሽን በሆነበት ዓመት የተወለደች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ሜላት የምትኖረው ከኪሩቤል ቤት ፊት ለፊት ነው። ሜላት ዱሮ አራተኛ ፎቅ ነበረች። ሠላሳ አንደኛ የደረሰችው ልጇ ባሸነፈች ቁጥር ወደ ላይ እየወጣች ነው፤ ደብሪቱ በተጫወተች ጊዜ ሁሉ ጆሮ ፊት ቆማ «ትሸነፋለች» ትላለች።

«ልጄ ታሸንፋለች ብዬ በሰው መሐል አፌን ብከፍት ዓይን ይበላታል» ብላ አስረድታ ነበር። «ትሸነፋለች ስል ግን ክፉው ነገር ይሰማና፣ ይቺንስ እናቷም አላመነችባት ብሎ ይተዋታል።»

ዘዴው እስካሁን ሠርቷል። ደብሪቱ ታሸንፋለች፣ ሜላት የተሳሳተች ዜጋ ተብላ ዕቃዋን አሸክማ ትወጣለች፣ በየፎቁ ደፍ ላይ እልል ትላለች። ጆሮ ይህን በምን መዝገብ እንደሚይዘው አይታወቅም።

ታዲያ ለኪሩቤል ነገሩን የከበደ ያደረገው አንድ ነገር ነበር። ደብሪቱን ቼዝ ያስተማራት እሱ ነው። ሰባት ዓመቷ ሳለ በሁለት ፎቆች መሐል ደረጃ ላይ አስቀምጦ አስጀመራት። ጎበዝ ናት፤ አንድ አመል ግን አልለቀቃትም። ማሸነፏን ያወቀች ጊዜ ትቸኩላለች። «እጅሽ ላይ ተቀመጪ!» ይላት ነበር፤ እጇ ላይ ትቀመጥና ሳትጨርስ ታወጣዋለች። እንደ ቲሙር ያለ፣ ሊሸነፍ ሲል እንኳ ሻዩን የሚያማስል ሰው፣ ይህን አመል ሳይጠቀምበት አያልፍም። ኪሩቤል የደብሪቱን ሽንፈት የገዛ ቤቱን ቁጥር የሚያውቀውን ያህል አወቀው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሜላት እንደ ልማዷ ንፍሮ በሳህን ይዛ መጣች። ፌቨንን በየቀኑ የምትጠይቃት እሷ ብቻ ናት፤ ሌላው ሰው ደረጃውን አይቶ ሰላምታ ይልካል።

«ልጅቷ ደወለች?» አለች ፌቨን።

«ደወለች። ሆቴሉ ምግቡ ጨው የለውም አለችኝ። ስለ ጨዋታው ምንም አላልኩም፤ እኔና እሷ ስለ ጨዋታ አናወራም።» ወደ ኪሩቤል ዞረች። «ጋሽ ኪሩቤል፣ እርስዎ ባያስተምሯት ይሄኔ ባንክ ቤት ቁጭ ብላ ትወፍር ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።»

ኪሩቤል ንፍሮ አፉ ውስጥ ስለነበረ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

ስትሄድ ፌቨን ባሏን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ምን ልትል ነው ነገ?»

«የሚሆነውን ነዋ።»

«በእናቷ ፊት?»

«እናቷ ራሷ ትሸነፋለች አይደል የምትለው?»

«እሷ ሌላ ነገር ነው፣ ታውቀዋለህ።» ፌቨን ጉልበቷን እያሸች ወደ መስኮቱ ዞረች። «እኔ ግን ውሸት ተናገርልኝ አልልህም። እውነት ተናገር ከመሸብህ እደር አይደል የሚሉት? መውረድ እፈልጋለሁ ኪሩ። በጣም ነው የምፈልገው። እስካሁን ያላልኩት አንተን እንዳላስጨንቅ ነው።»



ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ሞላ። ሜላት እንደ ልማዷ መጨረሻ ላይ ተሰለፈች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። ጆሮ ለስላሳ በሆነው ድምፁ «ይናገሩ፤ እየሰማሁ ነው» ይላል ለእያንዳንዱ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢሉም ይሄኛው ለሁሉም ባዳ ነው።

ጋሽ አቤኔዘር ቀደሙ። ወደ ሜላት ዞር ብለው አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደብሪቱ። በሰፊው!» አሉ። የጥርስ ሐኪሙ አማቱን አየ፣ አማቱ ሜላትን አዩ፣ ሁለቱም «ደብሪቱ» አሉ። አንዲት ሴትዮ «ደብሪቱ፣ በእመቤቴ!» ብላ ጨመረች። አንዱ ሰው ፊቱ ላይ ቲሙር ተጽፎበት «ደብሪቱ» አለ። ሰልፉ ሲያጥር ግቢው ውስጥ የግራውንዱ ቤት ሽታ ነፈሰ፤ እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ሌላ አንድ ደፋር ይኖራል ብሎ በስጋት ይጠብቃል፣ ማንም ግን ያ ሰው መሆን አይፈልግም።

ኪሩቤል ደረሰ።

«ይናገሩ፤ እየሰማሁ ነው።»

ቀና ብሎ አየ። ሠላሳ አንደኛ ፎቅ መስኮት ላይ አንድ ትንሽ ነገር ይታያል፤ የፌቨን ራስ ነው።

«ቲሙር ኦስፓኖቭ» አለ።

የሆነ ሰው «ኧረ ጋሼ» አለ በለሆሳስ። ጋሽ አቤኔዘር ሳይሰሙ የቀሩ መስለው ሰማይ ማየት ጀመሩ። ኪሩቤል ዘወር ሳይል ወደ ደረጃው ሄደ፤ የጀርባው ቆዳ ግን ሁሉንም ያያል። ከኋላው ሜላት ተራዋ ደርሶ «ልጄ ትሸነፋለች» ስትልና እትፍ እትፍ ስትል ሰማ። ለእሷ ሰው ሁሉ በፍቅር ሳቀ።

ቅዳሜና እሑድ የተካሄዱት ሁለቱ ረጃጅም ጨዋታዎች እኩል አለቁ። ሰኞ ዕለት አሸናፊውን ለሚለየው ፈጣን ጨዋታ ብሎኩ በሙሉ በሩን ከፍቶ ተቀመጠ፤ የየቤቱ ስክሪን ድምፅ ደረጃውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። የሜላት በር ብቻ ዝግ ነው። ጨዋታ አታይም፤ ቧንቧ ከፍታ ዕቃ ታጥባለች። ታጥቦ ያለቀውን ዕቃ እንደገና ታጥባለች።

ደብሪቱ ድንቅ ነበረች። የቲሙር ንጉሥ ሜዳ ላይ ቀረ። ኪሩቤል ከወንበሩ ተነሣ፤ ማሸነፊያው ታየው። ፈረሷን አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ነው፣ ያለ ጫጫታ። ከዚያ ቲሙር ሻዩን ጠጥቶ መሄድ ይችላል። ልጅቷም ማሸነፏን አውቃለች፤ ጉንጯ ቀልቷል።

እጅሽ ላይ ተቀመጪ ማለት ነበረበት። ለአሥራ አምስት ዓመት ያለው ይህንን ነው። አሁን ግን ልቡ ውስጥ የሚሰማው ሌላ ቃል ነበር፤ ቸኩዪ፣ ቸኩዪ፣ እባክሽ ቸኩዪ።

ቸኮለች። ንግሥቷን አንሥታ ጮክ ብሎ በሚሰማ ሁኔታ አስቀመጠች። ቲሙር ትንሽ አሰበና አንድ ወታደር ገፋ፤ ሁሉም ነገር ተገለበጠ።

«እሰይ!»

ጩኸቱ ከሆዱ ነው የወጣው። በሩ ክፍት ነበር። ድምፁ ደረጃውን ይዞ እስከ ታች ወረደ፤ በየፎቁ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ለየ። ፌቨን ባሏን አንድ ጊዜ አየችና ዓይኗን ወደ ጉልበቷ መለሰች። ፊት ለፊት ያለው ቧንቧ ተዘጋ። ኪሩቤል ቁጭ አለ፤ በሕይወቱ እንደዚያን ዕለት ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

በማግስቱ ጆሮ ውሳኔውን አሰማ። «በትክክል የገመቱ ቤተሰቦች ሁለት ናቸው። ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ በመሆኑ ለሁለቱም ተሰጥቷል። በደባልነት እንዲኖሩበት እንመኛለን። እንኳን ደስ አላችሁ።»

ከጎረቤት መሐል ዕቃ ለመሸከም ለኪሩቤል የመጣ አልነበረም። ለፌቨን ግን መጡ፤ እድር ከታመመ ሰው አይጣላም። በወንበር ተሸክመው ሲያወርዷት በየፎቁ ደፍ ላይ ሰው ቆሞ ጠበቃት። ፊታቸውን ካየች ብዙ ጊዜዋ ነው። «ውይ፣ አርጅታችኋል!» እያለቻቸው ወረደች።

በሁለተኛው ቀን በሜላት ክንድ ተደግፋ ወደ ግቢው ወጣች። አፈር ረገጠች። ጭቃ ይዛ ገባች፣ ጫማዋንም አልጠረገችም። ኪሩቤል ወለሉን ሲወለውል ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ማንም አላየውም እንጂ ሙሉ ነበር።

ሜላት ግን አታናግረውም። ማለት ስለ እሱ ታወራለች፣ ለፌቨን። «ፌቩ፣ ያ ሰው ከሻወር ይውጣ፣ ውሃው ሊሄድ ነው።» «ፌቩ፣ ያ ሰው ሽሮውን ይብላ፣ ይቀዘቅዛል።» ያ ሰው ክንዷ አጠገብ ቆሟል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ።

«እትዬ ሜላት፣ እርስዎም እኮ እኔ ያልኩትን ነው ያሉት። ቃል በቃል!»

ሜላት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እኔ ትሸነፋለች ያልኩት እንዳትሸነፍ ነው። እርስዎ ግን ከልብዎ ነው ያሉት። እሰይ ሲሉም ሰምቻለሁ።»

ቃሉ አንድ፣ ውጤቱ አንድ፣ ቤቱ እንኳ አንድ ነው። ሽሮውን በላ።

እሑድ ጠዋት ደብሪቱ ከታሽከንት አውሮፕላን ማረፊያ ደወለች። ሜላት ስልክ የምታወራው ድምፁን ለቤቱ በሙሉ ለቃ ነው።

«እማዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አወረድኩሽ አይደል?»

«ዝም በይ! ደረጃው ገድሎኝ ነበር።»

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ፤ ትንሽም ሳያለቅሱ አልቀሩም።

«ታዲያ ብቻሽን ነሽ እዚያ?»

«ምን ብቻዬን! ፌቨን አለች፣ ጋሽ ኪሩቤልም አሉ፣ አብረን ነን።»



«ጋሼ?» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ጋሼ ምን ብለው ነበር የገመቱት?»

ኪሩቤል ከወንበሩ ተነሣ። ከጠየቀችው ሊነግራት ወስኖ ነበር። ለጆሮ እውነት የተናገረ ሰው ለተማሪው ሊዋሽ አይገባውም። አፉን ከፈተ።

«ታሸንፋለች ነው ያሉት!» አለች ሜላት፣ እሱን ሳታይ። «ምን ይበሉ ታዲያ? ብሎኩ በሙሉ ታሸንፋለች ነው ያለው። እኔ ብቻ ነኝ፣ ምላሴ ይቆረጥ።»

«ታዲያ ጋሼ ግራውንድ እንዴት ገቡ?»

ሜላት ቼዝ ተጫዋች አይደለችም፤ ቀጣዩን እርምጃ አላየችውም። ስልኩን ይዛ አፏን ከፍታ ቀረች። ኪሩቤልም የከፈተውን አፍ አልዘጋም። ከበሩ ደፍ ላይ ፀሐይ የምትሞቀው ፌቨን ዘወር ብላ ጮኸች።

«በዕጣ!»

«በምን?»

«በዕጣ ነው የኔ ልጅ! ወጣልን!»

የቤት ዕጣ ደብሪቱ ከመወለዷ ብዙ ቀድሞ የቀረ ነገር ነው። ከስልኩ ውስጥ የበረራ ማስታወቂያ በማይገባ ቋንቋ ተነገረ፣ እንደገና ተነገረ። ልጅቷ አሥር እርምጃ ቀድማ የምታይ ናት፤ ሦስት ሽማግሌዎች የደረደሩትን ለማየት ብዙ ጊዜ አልፈለገችም። ግን በዚህ ጊዜ አልቸኮለችም።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «እማዬን አደራ።»

ኪሩቤል ስለ ፈረሱ ሊነግራት ፈለገ። ወደ ኋላ ብትመልሺው ኖሮ ሊላት፣ እጅሽ ላይ ተቀመጪ ልልሽ ይገባኝ ነበር ሊላት። «አሜን» ብቻ ወጣው፣ ከዚያ እንባው መጣ፤ ትልቅ ሰው በጎረቤት ፊት የማያለቅሰውን ዓይነት ለቅሶ አለቀሰ።

ሜላት ስልኩን ዘጋች። ከገቡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ቀድማ አናገረችው።

«ታረቅን እንዳይመስልዎት» አለችው፤ ሶፍቱንም ወደ እሱ ገፋችለት።